መስቀለኛውን ማን ዘጋው? ስለ መንገድ መጋጠሚያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተማሪ እያለሁ ለሦስት ቀን መኪና ቆጥሬያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መስቀለኛ መንገድ ሊሻሻል ነው ተብሎ ነበር። የተሰጠን የፕላስቲክ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ወረቀት የተያያዘበት ሰሌዳና እስክሪብቶ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጥግ ይዞ ቁጭ ማለትና የሚያልፈውን በጭረት መመዝገብ ነው ሥራው። ቀጥ ያለው እዚህ፣ ወደ ግራ የታጠፈው እዚያ፣ ወደ ቀኝ የታጠፈው ወዲያ። ሚኒባስ ለብቻ፣ አውቶቡስ ለብቻ፣ የጭነት መኪና ለብቻ። በየ15 ደቂቃው መስመር ይሰመርና እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከጎኔ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ነበረች። በሁለተኛው ቀን አላስቻላትም። “ግን ምንድን ነው የምትጽፈው?” አለችኝ። ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው። “ይሄ ደግሞ መቁጠር ይፈልጋል? ማስፋት ነው እንጂ!”

እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔም የማስበው እንደሷ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ከመንገድ ሥራ አልራቀም። ታክሲ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ የመጨናነቅ ወሬ ሲነሳ የምሰማቸው መፍትሔዎች ግን ዛሬም ያው ናቸው።

“ማስፋት ነው እንጂ!”

ከተማ ውስጥ የአንድ መንገድ አቅም የሚወሰነው መጋጠሚያው ላይ ነው። አረንጓዴ ሲበራ ከአንድ ረድፍ በግምት በየ2 ሰከንዱ አንድ መኪና ያልፋል። አረንጓዴው ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቆይ 1,800 መኪና መሆኑ ነው። አራት አቅጣጫ ተራ በተራ የሚያልፍ ከሆነ ግን ለአንዱ የሚደርሰው ከሰዓቱ ቢበዛ ሩቡ ነው። ስለዚህ 450 መኪና። መንገዱ ከመስቀለኛው ወዲህ የፈለገውን ያህል ይስፋ፣ በዚያ ረድፍ ከዚህ በላይ አያልፍም። የሰፋው ቦታ የሚጠቅመው በጎን በጎን ተደርድሮ ለመጠበቅ ነው።

“እሺ፣ መስቀለኛው ራሱ ላይ ረድፍ ይጨመር” ትሉ ይሆናል። አንዳንዴ ይሠራል። በተለይ ወደ ግራ ለሚታጠፉት ለብቻቸው አጭር ረድፍ ሲሠራላቸው፣ ቀጥ የሚለው ከኋላቸው ተገትሮ መቅረቱ ይቀራል። ግን በሦስት ረድፍ ገብቶ በሁለት ረድፍ መውጣት ካለ ትርፉ ክላክስ ነው።

ደግሞ ሰው የሚረሳው ሌላ ሒሳብ አለ። እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል። አንድ ረድፍ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ በተጨመረ ቁጥር ለማቋረጥ 3 ሰከንድ ይጨምራል። 4 ረድፍ ለማቋረጥ 12 ሰከንድ ይበቃ የነበረው፣ 8 ረድፍ ሲሆን 24 ሰከንድ ይፈልጋል። ያ ጊዜ የሚቀነሰው ከመኪናው አረንጓዴ ነው። አስፍተን ያገኘነውን በሌላ እጃችን ከፈልነው ማለት ነው።

ረጅም መንገድ ለማስፋት ደግሞ አሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ያለውን ኬቲ ፍሪዌይ የተባለ ፈጣን መንገድ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰፍቶ ሲያልቅ፣ የጎን መንገዶቹ ተቆጥረው፣ በአንዳንድ ቦታ 26 ረድፍ ደረሰ። ብዙም ዓመት ሳይቆይ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ያለው ጉዞ ተመልሶ ረዘመ። ቦታ ተገኘ ሲባል ያልነበረው መኪና ሁሉ መጣ።

“መብራቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ያስረዝሙት”

ይህንን ከሾፌር ወንበር ላይ ሆኖ አለማመን ይከብዳል። ሦስት መኪና ቀርቶህ ቀይ ሲበራ ያናድዳል። እስቲ አብረን እናስላው።

ተራ በተቀየረ ቁጥር ወደ 4 ሰከንድ ገደማ ይባክናል። የፊተኛው ሾፌር ከስልኩ ቀና እስኪል፣ ማርሽ እስኪያስገባ፣ በቢጫ የገቡት ጠርገው እስኪወጡ። አራት አቅጣጫ ካለ በአንድ ዙር፣ ማለትም ሁሉም አንዳንድ ጊዜ ተራው እስኪደርሰው፣ 16 ሰከንድ ጠፋ። ዙሩ 60 ሰከንድ ከሆነ ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። ዙሩን 120 ሰከንድ ብናደርገው የሚሠራው ጊዜ ከ73 በመቶ ወደ 87 በመቶ ከፍ ይላል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ወደ 240 ሰከንድ ብንወስደው ግን 93 በመቶ ላይ ይቆማል። ለዚህች 6 በመቶ ስንል ቀይ ላይ የሚቆመውን ሰው ሁሉ ጥበቃ እጥፍ አደረግን።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። 240 ሰከንድ ውስጥ አንዱ አቅጣጫ 3 ደቂቃ ያህል ቀይ ላይ ይቆማል። በአንድ ረድፍ በደቂቃ 10 መኪና ቢመጣ 30 መኪና ተሰለፈ። አንዱ ከነክፍተቱ 7 ሜትር ቢይዝ ሰልፉ 210 ሜትር ነው። ከኋላ ያለው መስቀለኛ 150 ሜትር ላይ ከሆነስ? እሱም ተዘጋ። ያኛው ሲዘጋ ከሱ ኋላ ያለውም ይከተላል። ብዙ ጊዜ “ከተማው በሙሉ ቆመ” የምንለው ቀን የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ በእጁ ሲያሳልፍም ያው ነው። አንዱን አቅጣጫ ሰልፉ እስኪያልቅ ይለቀዋል። ከልቡ ነው፣ ፀሐይ እየመታው። ግን ቀጣዩ መስቀለኛ ምን እንደሆነ ከቆመበት አይታየውም።

የተሻለው መንገድ ተራዎቹን መቀነስ ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩት በአንድ ላይ ቀጥ ቢሉና ወደ ግራ መታጠፍ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር፣ አራቱ ተራ ሁለት ይሆናል። የሚባክነው 16 ሰከንድም 8 ይሆናል። ወደ ግራ የሚሄደው ትንሽ ወደፊት ሄዶ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ ይሰደባል። ልክ ነው፣ ለሱ መንገዱ ረዝሞበታል። የሱ 200 ሜትር ግን የሌላውን ሁሉ ደቂቃ ታተርፋለች። እንግሊዛዊው የትራፊክ ተመራማሪ ዌብስተር ተስማሚውን የዙር ርዝመት የሚያወጣ ቀመር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ስለዚህ ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። ዋናው የሚያስፈልገው ያ የጭረት ወረቀት ነው፦ ስንት መኪና፣ በየት በኩል፣ ወደ የት።

“ችግሩ የታክሲ ሾፌር ሥርዓት ማጣት ነው”

“ወራጅ አለ!” የምትለዋን ቃል መስቀለኛ ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። ሚኒባሱ መብራቱን እንዳለፈ፣ ገና ኋላው ዜብራው ላይ እያለ፣ ጥግ ይይዛል። ሁለት ይወርዳሉ፣ ወያላው “መገናኛ! መገናኛ!” ይላል፣ ሦስት ይገባሉ፣ አንዱ መልስ ይጠብቃል። 20 ሰከንድ በሉት። የአረንጓዴው ርዝመት 30 ሰከንድ ከሆነ፣ በዚያ ረድፍ ሊያልፉ ከሚችሉት 15 መኪናዎች አሥሩ ቀሩ። በአንዲት ሚኒባስ።

ሾፌሩ ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ለምን እዚያ ይቆማል? ተሳፋሪው እዚያ ስለቆመ ነው። ተሳፋሪውስ? ከሌላኛው መንገድ ወርዶ ታክሲ የሚቀይረው እዚያ ስለሆነ። “መቆም ክልክል ነው” የሚል ምልክት ብትተክልበት ወያላው ምልክቱን ተደግፎ ይጣራል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥሩ ዕቅድ ማቆሚያውን ከመስቀለኛው 50 ሜትር ያህል ያርቀዋል፣ ከመንገዱ ገባ ያለ ቦታ ይሰጠዋል፣ የእግረኛውንም መንገድ ወደዚያው ይመራዋል። ጥላና መቀመጫ ቢኖረው ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ ይሄድለታል። ሚኒባሱም ሰው ያለበትን ይከተላል። ከነገርኳችሁ ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ምናልባት ይሄ ነው፤ ሪባን ስለማይቆረጥለት ግን ብዙ አይወራለትም።

“አደባባይ ጊዜው አልፎበታል”

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አደባባዮች ፈርሰው በመብራት ተተክተዋል። ስማቸው ግን አልፈረሰም፤ ዛሬም “አደባባዩ ጋ ውረድ” እንባባላለን።

አደባባይ በደህንነት በኩል የሚናቅ አይደለም። ባለ አራት አቅጣጫ ተራ መስቀለኛ ላይ የመኪና መስመር ከመኪና መስመር የሚጋጭባቸው 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ 8 ብቻ። ፊት ለፊት መላተም የለም፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው። የሚከሽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አንድ አቅጣጫ ከሌሎቹ እጅግ ሲበዛ ነው። እሱ ሲጎርፍ ቀጥሎ ያለው አቅጣጫ መግቢያ ቀዳዳ ያጣል። ሁለተኛው ቅድሚያ ነው። ውስጥ ላለው ቅድሚያ ካልተሰጠ፣ የሚገቡት ውስጥ ያሉትን ይዘጋሉ፣ ውስጥ ያሉት መውጣት ያቅታቸዋል፣ ሁሉም ይቆላለፋል። እንግሊዞችም ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 “የሚገባው ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይስጥ” የሚለውን ደንብ ካወጡ በኋላ ነው አደባባዮቻቸው እንደገና የሠሩት። እኛም መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ተምረነዋል። ከፈተናው ማግስት ምን እንደምንሆን እንጃ!

“ማሳለጫ ይሠራና እንገላገል”

ማሳለጫ፣ ልክ እንደ ጎተራው፣ የአንድን ነጥብ ግጭት በድልድይ ይፈታል። መኪናው ግን አይጠፋም። ሳይቆም አልፎ ቀጣዩ መብራት ላይ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ቀጣዩ ካልተዘጋጀ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በዚያ ላይ መኪናው ክብ ሠርቶ እንዲወጣና እንዲወርድ ሰፊ መሬት ይበላል። ቀጥታ 40 ሜትር ተራምዶ ይሻገር የነበረ ሰው ያንን ሁሉ መዞር አለበት። ከከተማ ዳር፣ ትልልቅ መንገዶች ሲገናኙ ቦታው ነው። መሃል ከተማ ግን ከመምከራችን በፊት ሦስት ቀጣይ መስቀለኞችን አይተን ብንመጣ ይሻላል።

“ለእግረኛው ድልድይ ተሠርቶለት የለ!”

ቀለበት መንገድ ላይ የመሃሉን አጥር እየዘለለ የሚሻገረውን ሰው አይተን “ሞኝ” ብለን እናልፋለን። የእግረኛ ድልድይ የጭነት መኪና ከሥሩ እንዲያልፍ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። በደረጃ ሲመነዘር ከ30 በላይ መውጣት፣ ከ30 በላይ መውረድ ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት፣ ሕፃን ላዘለች፣ ጀሪካን ለተሸከመ ይሄ ቀላል አይደለም። በዊልቸር ለሚሄድ ጭራሽ አይቻልም። ምቾቱ ለማን ነው? ከታች ሳይቆም ለሚያልፈው መኪና።

ብዙ መስቀለኞች ላይ መሬት ለመሬት መሻገር በትክክል ከተሠራ ይበቃል። አጭር ዜብራ፣ መሃል ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ፣ ለእግረኛው በቂ አረንጓዴ። መሃሉ ላይ መቆሚያ ካለ ሰው አንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ግማሹን ይሻገራል፣ ከዚያ ሌላውን።

እኛ ያኔ የተሰጠን ቅጽ ላይ ለእግረኛ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አብሮኝ የነበረው ልጅ ሲሰለቸው ወረቀቱን ገልብጦ የሚሻገረውን ሰው መቁጠር ጀመረ። አንድ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባው በጭረት ሞልቶ ተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ የሚደረገው በእግር ነው። በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ያ ሁሉ ሰው የተመዘገበው በወረቀት ጀርባ ነው፣ እሱም ለማንም አልተሰጠም።

“ቀለም ቀብቶ መንገድ አሻሻልኩ ይላል”

ለገሃር መስቀለኛ ላይ የሆነውን ያስታወሰ አለ? ያ ሁሉ የተንጣለለ አስፋልት ነበር። ዲዛይኑን ሲቀይሩ ወዲያው ወደ ኮንክሪት አልሄዱም። መጀመሪያ ጥጎቹን በቀለምና ሊነሱ በሚችሉ ነገሮች አጥብበው ሞከሩት። ጥግ ሲጠብ የሚታጠፈው መኪና ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እግረኛው የሚሻገረውም ያጥራል። ፍጥነቱ ትልቅ ነገር ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የተገጨ ሰው በአብዛኛው ይተርፋል፤ ከ50 በላይ ሲሆን የመትረፍ ዕድሉ በጣም ያሽቆለቁላል። ቋሚው ሥራ የመጣው ከሙከራው በኋላ ነው።

ሙከራ ሲባል ገንዘብ የማባከን ይመስለናል። የተሳሳተ መስመር በአንድ ሌሊት ይጠፋል። አውቶቡሱ ጥጉን መዞር ካቃተው ነገ ግማሽ ሜትር ታስጠጋለህ። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ያንን ለማድረግ ጨረታ ይወጣል።

የት የት ማጥበብ እንደሚቻል ለማወቅ ደግሞ ሁልጊዜ መሣሪያ አይጠይቅም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡናዋ ልጅ ረከቦቷን ከእግረኛው መንገድ አንስታ አስፋልቱ ላይ አወረደችው። ጥጉ ላይ፣ አቧራው እንደ ደሴት ተጠራቅሞ የቀረበት ቦታ ነው። “መኪና ይገጭሻል!” አልኳት።

“እዚህ ጋ?” አለችኝ ከሰሉን እያራገበች። “እዚህ መኪና ረግጦ አያውቅም።”