የሳመርሴት ካውንቲ ክሪኬት ክለብ

የሳመርሴት ካውንቲ ክሪኬት ክለብ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በቶንተን ከተማ የሚገኝ፣ በካውንቲ ሻምፒዮና (የአውራጃዎች የክሪኬት ውድድር) ከሚወዳደሩት 18 ክለቦች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ክለቡ በ1875 ሲመሠረት ስብሰባው የተካሄደው በራሱ ምድር ሳይሆን በጎረቤቱ በዴቨን፣ ሲድመዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነበር። ሰዎቹ ለጨዋታ ሄደው ክለብ መሥርተው ተመለሱ። ሻምፒዮናውን በ1891 ተቀላቀለ፤ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አንድም ጊዜ አላነሳም። በ2001፣ 2010፣ 2012፣ 2016፣ 2018 እና 2019 ሁለተኛ ወጥቷል። በ2010ማ ከኖቲንግሃምሻየር ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ ነው፣ ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ብዛት ተበልጦ ዋንጫ ያመለጠው።

የቶንተን ሜዳ ከቶን ወንዝ ዳር ነው፤ ብርቱ መቺ ሲገኝ ኳሷ ወንዝ ትገባለች። ለእንግዳ ቸር ሜዳ ሆኖ ኖሯል። የላንክሻየሩ አርቺ ማክላረን በ1895 በአንድ የምት ተራ 424 ራን (መቺው በመምታትና በመሮጥ የሚያስቆጥረው) ያስቆጠረው እዚህ ነው። ጃክ ሆብስ በ1925 የቀድሞውን ታላቅ ተጫዋች የደብሊው ጂ ግሬስን የመቶዎች ክብረ ወሰን (በአንድ ተራ መቶ ራን የመሙላትን ብዛት) እኩል አድርጎ በዚያው ጨዋታ ያሻሻለውም፣ የዉስተርሻየሩ ግሬም ሂክ በ1988 ሳይሸነፍ 405 ራን የደረሰውም እዚሁ ነው።

ከባለቤቶቹ ልጆች ደግሞ ቀድሞ የሚነሳው ሃሮልድ ጊምብሌት ነው። የገበሬ ልጅ ነበር፤ ለሙከራ ተጠርቶ አትበቃም ተባለ። በግንቦት 1935 ሰው ስለጎደለ ብቻ ከኤሴክስ ጋር ፍሩም ከተማ ላይ እንዲጫወት ተጠራ። አውቶቡሱ አምልጦት በጭነት መኪና ተሳፍሮ ደረሰ፤ ከአርተር ዌላርድ ዱላ ተውሶ ገባ። ስምንተኛ መቺ ሆኖ በ63 ደቂቃ መቶ ራን ሞላ፤ የዚያ ዓመት ፈጣኑ መቶ ነበር።

ፍሩም፣ ዌስተን ሱፐር ሜርና ባዝ ክለቡ በየተራ የሚጎበኛቸው ሜዳዎች ነበሩ። ባዝ ለእኛ የምትታወቀው በሌላ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ የስደት ዓመታቸውን ያሳለፉት እዚያ በፌርፊልድ ሃውስ ነው። በእነዚያ በጋዎች ሳመርሴት በከተማዋ ሬክሪዬሽን ግራውንድ ይጫወት ነበር። ዛሬ የዋናው ቡድን የሜዳ ጨዋታዎች ቶንተን ላይ ተከማችተዋል።

ክለቡ የመጀመሪያ ዋንጫውን ለማየት 104 ዓመት ጠብቋል። በ1979 ግን ሁለት ዋንጫ በሁለት ቀን አገኘ። ቅዳሜ ለንደን ላይ ኖርዛምፕተንሻየርን አሸንፎ የጂሌት ዋንጫን ወሰደ፤ የምዕራብ ህንድ ደሴቶቹ መቺ ቪቭ ሪቻርድስ 117 አስቆጠረ፣ የአገሩ ልጅ ወርዋሪው ጆኤል ጋርነር 29 ራን ብቻ ሰጥቶ ስድስት ዊኬት ጣለ፤ ማለትም ስድስት መቺዎችን አስወጣ። በማግስቱ ኖቲንግሃም ላይ የእሑዱን ሊግ በአንደኝነት ጨረሰ። በዚያው ዓመት ከሌላ ውድድር መባረሩ ግን አይካድም። አምበሉ ብራያን ሮዝ ቡድኑ ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያልፍበትን ስሌት ለመጠበቅ ሲል የምት ተራቸውን ሆን ብሎ በአንድ ራን ዘጋው። ደንቡ አይከለክልም ነበር።

በ1985 ሪቻርድስ ቶንተን ላይ በአንድ ቀን 322 መታ፤ ቡድኑ ግን በሰንጠረዡ መጨረሻ ተቀመጠ። በቀጣዩ ነሐሴ የክለቡ ኮሚቴ የሪቻርድስንና የጋርነርን ውል እንደማያድስ፣ በምትካቸውም የኒውዚላንዱ ማርቲን ክሮው እንደሚመጣ አስታወቀ። የክለቡ ሌላው ኮከብ፣ እንግሊዛዊው ኢያን ቦታም፣ እነሱ ከሄዱ እኔም አልቆይም አለ። አምበሉ ፒተር ሮባክ ከኮሚቴው ጎን ቆመ፤ ከቦታም ጋር የነበረው ወዳጅነትም ከዚያ በኋላ አልተጠገነም። ክለቡ የአባላቱ ንብረት ስለሆነ ነገሩ በቢሮ አላለቀም። ኅዳር ላይ ሼፕተን ማሌት በሚገኝ የኤግዚቢሽን ስፍራ ልዩ ጉባኤ ተጠራ፤ በኮሚቴው ላይ የቀረበው የመተማመኛ ማጣት ሐሳብ 1,828 ለ798 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ቦታም ወደ ዉስተርሻየር ሄዶ በ1988 እና በ1989 ሻምፒዮን ሆነ፤ ሳመርሴት የሚናፍቀውን ማለት ነው። አባላቱ ተሳስተዋል የሚሉ ዛሬም አሉ። ቂሙ ግን በርዷል፤ ለሪቻርድስና ለጋርነር በስማቸው በር፣ ለቦታም የተመልካች መቀመጫ ተሰይሟል።

አሁን የአባላቱ ጭቅጭቅ በጨዋታ ቀናት ላይ ነው። ከ18ቱ ክለቦች የአባላት ንብረት ያልሆኑት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን በሻምፒዮናው 14 የአራት ቀን ጨዋታ አለው፤ ይህም ወደ ብርዳሙ ሚያዝያና ወደ መስከረም እየተገፋ ነው። ነሐሴን ከ2021 ጀምሮ «ዘ ሃንድረድ» የተባለው አጭር ውድድር ይዞታል፤ ከስምንቱ ቡድኖቹ አንዱም ቶንተንን ሜዳዬ አይልም። የሃምሳ ኦቨሩ ዋንጫም (ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) በዚያው ወር ስለሚውል ክለቦቹ ኮከቦቻቸውን ለሃንድረድ ሰጥተው በወጣቶች ይጫወታሉ። በ2022 በቀድሞው የእንግሊዝ አምበል በአንድሩ ስትራውስ የተመራው ጥናት 14ቱ ወደ 10 እንዲወርዱ ሐሳብ አቀረበ፤ ለውጥ ለማጽደቅ 12 ክለቦች መስማማት ስላለባቸው ሳይሳካ ቀረ። በ2025 በተደረገው ድምፅም 14ቱ ጸንተዋል። አባላት ባይኖሩ ይህ ቁጥር እስካሁን ይቆይ ነበር ማለት ያስቸግራል።

የመስከረም ጨዋታ ምን እንደሚመስል 2019 አሳይቷል። ሳመርሴት ዋንጫውን ለማንሳት ቶንተን ላይ ኤሴክስን ማሸነፍ ብቻ ነበረበት፤ ከአራቱ ቀን አብዛኛውን ዝናብ ወሰደው። ኤሴክስ አንድ ዊኬት ጠፍቶበት 102 ከደረሰ በኋላ በ141 ተጠቃሎ ሲወጣ፣ ሳመርሴት ሁለተኛ የምት ተራውን ትቶ ኤሴክስ ለማሸነፍ 63 ራን እንዲያስቆጥር ተወለት። ጊዜው አልበቃም፤ ጨዋታው በአቻ አለቀ፣ ዋንጫውም የኤሴክስ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማርከስ ትሬስኮቲክ ተቀይሮ ሜዳ ገባ። ከ1993 ጀምሮ ለክለቡ ሲጫወት ኖሮ ዕድሜው 43 ደርሶ ነበር፤ የመጨረሻው ቀኑም ያ ሆነ።

በዚያ ጨዋታ ሜዳው ለወርዋሪ እጅግ ያደላ ነበር ተብሎ ክለቡ የ12 ነጥብ ቅጣት፣ ሌላ 12 ደግሞ በገደብ ተጣለበት። ጨዋታውን ዝናብ በልቶት ሳለ በሜዳው ላይ መፈረዱ ቶንተን ላይ ፍትሕ ተብሎ አይታመንም። ቅጣቱ በ2021 ተፈጻሚ ሲሆን ወደ 8 ነጥብ ዝቅ ብሏል።