በእጅ የተቋጠረ ስጋጃ፦ አሠራሩና መለያ ባሕርያቱ

በእጅ የተቋጠረ ስጋጃ ጸጉሩ አንድ በአንድ በድር ላይ እየታሰረ የሚሠራ ምንጣፍ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ድሩን ይወጥራል። ከዚያ የሱፍ ወይም የሐር ክር በሁለት ድሮች ላይ ይቋጥርና ጫፉን ይቆርጣል። አንዱ መስመር ሲያልቅ ማግ አሳልፎ ጥርስ ባለው መሣሪያ ይጠቀጥቀዋል። ትልቅ ስጋጃ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ቋጠሮው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። የቱርክ የሚባለው ሁለቱንም ድሮች እኩል ይጠመጥማል። የፋርስ የሚባለው አንዱን ድር ጠምጥሞ በሌላው ሥር ብቻ ያልፋል፤ ለረቂቅ የአበባና የሐረግ ንድፍ ይመቻል ይባላል። ስሙ ግን አያሳስት። በኢራኗ ታብሪዝ በብዛት የሚቋጠረው የቱርኩ ነው። ሥራ ለማፍጠን በአራት ድር ላይ የሚጣል ቋጠሮም አለ፤ ጁፍቲ ይሉታል። ስጋጃውን ያሳሳዋል፣ ቶሎም ያልቃል።

እውነተኛውን ለመለየት ገልብጦ ማየት ነው። ንድፉ በጀርባውም እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹን መቁጠር ይቻላል። ጀርባው ላይ ጨርቅ ከተለጠፈበት ግን ጸጉሩ በሙጫ የተያዘ ነው እንጂ አልተቋጠረም። ዘርፉም የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፤ ኋላ የተሰፋ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። በአንድ ቀለም ውስጥ ደመቅና ፈዘዝ የሚል መስመር ሲታይ ብዙ ገዢ ጉድለት ይመስለዋል። አብራሽ ይባላል፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር የሚያመጣው ነው። ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ሆን ብለው የሚያስመስሉት ውበት ነው። የቋጠሮ ብዛትም ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ጥሩ ሱፍና ጥሩ ቀለም ያለው፣ ቋጠሮው ሳሳ ያለ የዘላኖች ስጋጃ ከብዙዎቹ ይበልጣል።

እስካሁን ከተገኙት ሙሉ ስጋጃዎች እጅግ ጥንታዊው ፓዚሪክ ነው። የሶቪየቱ አርኪኦሎጂስት ሰርጌይ ሩደንኮ በ1949 (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ በረዶ ከጠበቀው መቃብር አወጣው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ5ኛው ወይም የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። መጠኑ 183 በ200 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 36 ያህል የቱርክ ቋጠሮ አለው። ዳር ዳሩን ፈረሰኞችና አጋዘኖች ይዞሩታል። ማን ሠራው የሚለው አከራካሪ ነው፤ ፋርሶች፣ አርመኖች፣ የስቴፕ (የሰፊው ሣር ሜዳ) ዘላኖችም ይጠቀሳሉ። እንዲህ የሠለጠነ እጅ ግን ከዚያ በፊት ረጅም ልምድ እንደነበረው አያጠራጥርም። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የተረፈው በአብዛኛው ቁርጥራጭ ነው።

ከኋለኞቹ ታዋቂው በኢራኗ አርዳቢል ከተማ ስም የሚጠራው የአርዳቢል ስጋጃ ነው። በላዩ የተጻፈው ዓመተ ሂጅራ 946 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1539–40። ርዝመቱ ከ10 ሜትር፣ ወርዱ ከ5 ሜትር ያልፋል። ድሩና ማጉ ሐር፣ ጸጉሩ ሱፍ ነው። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው። ይግዛ ብሎ የመከረው እንግሊዛዊው የጌጥ ንድፍ ባለሙያ ዊልያም ሞሪስ ነበር።

ከ1856 ጀምሮ የመጣው ሰው ሠራሽ ቀለም ሥራውን አርክሶታል፤ የመጀመሪያዎቹ ይለቁና ይደበዝዙ ነበር። ዩኔስኮ በ2010 የኢራንን የካሻን ከተማና የፋርስ ክፍለ ሀገር የስጋጃ ሥራ ጥበብ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል።