«ኮምፒውተሩ አሳይቷል» እና ሌሎች ያለ ምክንያት ሞተር የሚያስወርዱ እምነቶች

ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም ዘይት መብላት ሲጀምር፣ መካኒክ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፍለታል፤ አብዛኛው ምክር ደግሞ ስሕተት ነው። በዚህ ስሕተት ምክንያት ሰዎች ለማያስፈልግ ጥገና ሲከፍሉ፣ ሊድን የሚችለውንም ሞተር ሲያስፈቱ ማየት ስለሰለቸኝ ይህን ጽፌያለሁ።

«ነጭ ጭስ ካጨሰ ሞተሩ ሞቷል።» በቀዝቃዛ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ነው። የሚያሳስበው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥና የራዲያተሩን ውሃ የሚያጎድል ጭስ ነው።

«ዘይት የሚበላን ሞተር ወፍራም ዘይት ያድነዋል።» ወፍራም ዘይት ፍጆታውን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል እንጂ ያለቀ ፋሻ (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያሽግ ቀለበት) አይተካም። ሞተሩ ሲነሳም ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል ቶሎ ስለማይደርስ ጉዳቱን ያባብሳል።

«የሚሞቅ መኪና ቴርሞስታቱ ይውጣለት።» ቴርሞስታት እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መከፈት የሚጀምር፣ የሞተሩን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። እሱ ሲወጣ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም ወደ ዘይቱ እየወረደ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የተደፈነው ራዲያተር፣ ያረጀው የውሃ ፓምፕ ወይም የማይዞረው ቬንትሌተር ግን ባለበት ይቆያል። እየሞቀም ቢሆን ቀስ ብሎ ቤት ይደርሳል የሚባለውም እንደዚሁ መወገዝ ያለበት ምክር ነው፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በሙቀት ይጣመማል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመንዳት ሲባል የቱቦ ጥገና የነበረው ወደ ቴስታታ ሥራ ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ የምታገለው እምነት ግን «ኮምፒውተር አስነበብኩት፣ የተበላሸውን ዕቃ ነገረኝ» የሚለው ነው። በሥራዬ ካየኋቸው ሁሉ ሰውን እንደዚህ ያስከፈለ አባባል አላውቅም። የሞተሩ መብራት ሲበራ ከማንበቢያው የሚወጣው ኮድ የዕቃ ስም አይደለም፤ አንድ ልኬት ከተፈቀደለት ወሰን መውጣቱን የሚመዘግብ ምልክት ነው። ይህ ኦቢዲ-2 የተባለ ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው በዋናነት የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ስለ ሞተሩ የውስጥ ጤንነት የሚያውቀው ከሴንሰሮቹ የሚደርሰውን ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ኮድ ከአየሩ አንጻር ነዳጁ ማነሱን እንጂ ለምን እንዳነሰ አይናገርም፤ ምክንያቱ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ ወይም ያልተለካ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ፒ0300ም ሲሊንደሮች በትክክል እንደማይተኩሱ ይናገራል፤ ጥፋቱ የካንዴላ፣ የኮይል፣ የኢንጀክተር ወይም የቫልቭ መሆኑን መለየት የመካኒኩ ሥራ ነው።

አንድ ደንበኛ በዚሁ ፒ0171 ምክንያት በሌላ ጋራዥ የአየር ሴንሰሩን፣ ቀጥሎ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ከዚያም የነዳጅ ፓምፑን ካስቀየረ በኋላ መንቀጥቀጡ አልቆም ሲል «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ተባለ። እኛ ዘንድ ሲመጣ ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ ሲጨምቅ በየሲሊንደሩ የሚፈጠረውን ግፊት) ለካን፤ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ተቀራራቢ ነበሩ። በአየር ማስገቢያው በኩል የመፈተሻ ጭስ ስንነፋ ጭሱ ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ሥር ከተሰነጠቀ ላስቲክ ቱቦ ወጣ። ቱቦው ሲቀየር መንቀጥቀጡ ቆመ፣ መብራቱም ጠፋ።

ስለዚህ ሞተር ይውረድ ሲባሉ የኮምፕሬሽን ልኬቱን በቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ለየብቻ ይጠይቁ። እንደ ልማዳዊ መመዘኛ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ ችግሩ በእርግጥ ሞተሩ ውስጥ ነው። በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ተጨምሮ እንደገና ሲለካ ንባቡ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም። ልዩነቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ጓርኒሲዮን ለመቀየር ቴስታታው ቢወርድ ይበቃል፣ ለፋሻ ግን ፒስተኖቹ መውጣት አለባቸው። ይህን ልኬት ለማሳየት የማይፈልግ መካኒክ ሞተርዎን እንዲከፍት አይፍቀዱለት።

«ሌላ ሞተር ቢገጠም ይሻላል።» አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያገለገለ ሞተር ታሪኩ ያልታወቀ ሞተር ነው። ሳይገጠም ኮምፕሬሽኑ ይለካ፣ የታይሚንግ ቤልቱና የውሃ ፓምፑም መሬት ላይ እያለ ይቀየሩ፤ ከተገጠመ በኋላ ያው ሥራ የእጅ ዋጋውን ያበዛዋል።

«ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ?» የወጣው ገንዘብ መኪናው ቢጠገንም ቢሸጥም አይመለስም። የሚታሰበው ከዛሬ በኋላ የሚወጣው ነው፤ የሞተሩ ጥገና፣ በቅርቡ የሚጠበቀው የካምቢዮና የፍሪሲዮን ሥራ ተደምሮ መኪናው ተጠግኖ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ድምሩ ከዚያ ከበለጠ ብልሽቱን ሳይደብቁ ባለበት ሁኔታ ይሽጡት።