ከሥራው የሚነሳ ጥናት በአዲስ አበባ ዳር ባሉ የአረጋውያን ማዕከላት

ጧሪ ያጣ አረጋዊ ድሮ መጠጊያው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። ዛሬም ብዙዎች እዚያው ናቸው። የተወሰኑት ግን የመርጃ ማዕከል ደጅ ይከፈትላቸዋል። ሰፊ ግቢ የሚገኘው ደግሞ ወደ ከተማው ዳር ነው። በስፋት የሚታወቀው በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። አያት ባለው ግቢው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይረዳሉ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃሉን ያልሰማ የከተማው ሰው ጥቂት ነው።

ስለ እንዲህ ያሉ ማዕከላት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ ዳይፐር ነው። አይፈረድም። ዳይፐር ካለቀ ሌላው ነገር ሁሉ ይቆማል። ነገር ግን የጠገበና ንጹሕ የለበሰ አረጋዊ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ደህንነቱን ለማወቅና ለማሻሻል ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ከሥራው የሚነሳ ጥናት ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ከዩኒቨርሲቲ ቢሮ አይመጣም። ከሚያበላው፣ ከሚያጥበውና ሌሊት ከሚያድረው ሰው ነው የሚመጣው። እማማ ለምን ራታቸውን ይመልሳሉ? አባባ መታጠቢያ ቤት ሲደርሱ ለምን ይቆጣሉ? ሠራተኞቹ ትንሽ ለውጥ ይሞክራሉ፣ የሆነውን ይመዘግባሉ። ከሠራ ያቆዩታል፣ ካልሠራ ይተዉታል። መምህራን ይህንን አካሄድ አክሽን ሪሰርች ብለው በደንብ ያውቁታል። የተመራማሪው ድርሻ ጥያቄውን ማጥራትና መረጃው ሚዛን እንዳይስት ማገዝ ነው።

ምርምርን ከተረጂው ጎን ማስቀመጥ ለአዲስ አበባ ዳርቻ እንግዳ አይደለም። ዘነበወርቅ ከከተማው ራቅ ያለ ሰፈር በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን አለርት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዚያው አጠገቡ ተከፈተ። በአረጋውያን እንክብካቤ በኩል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኔዘርላንዷ ሊምበርግ ክፍለ ሀገር ናት። እዚያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ከእንክብካቤ ድርጅቶች ጋር ይሠራል። ተመራማሪው በሳምንት አንድ ቀን ማዕከሉ ውስጥ ይውላል። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባልደረባ።

ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው መለኪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አጭር የኑሮ ጥራት መጠይቅ 26 ጥያቄዎች አሉት። «በሕይወትዎ ምን ያህል ይደሰታሉ?» ዓይነት ጥያቄ ለአንድ አዛውንት ሲቀርብ መልሱ «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ወገባቸው እየተቆረጠም ቢሆን ተመስገን ነው። ስለዚህ ከመጠይቁ ጎን ማየት ያስፈልጋል። ምን ያህል በሉ? ሌሊት ስንቴ ተነሱ? ቡና ሲፈላ ከማን ጎን ተቀመጡ? የማስታወስ ፈተናም እንዲሁ ነው። ወሩንና ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ቁጥሩን የሳቱ እናት ዛሬ ሚካኤል መሆኑን አይስቱም። ያልተማረን ሰው ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ማዘዝም አለመማርን የመርሳት በሽታ አድርጎ መቁጠር ነው።

ጾምም ጥሩ የጥናት ርእስ ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ የጠዋት መድኃኒት አለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልሆነ አልቀምስም የሚሉ እናትም አሉ። ነርሷ፣ ሐኪሙና የንስሐ አባታቸው ተነጋግረው ሰዓቱን ቢያስተካክሉ ስንት ክኒን ትራስ ሥር ከመቅረት ይድናል? ይህን ማንም ሊመዘግበው ይችላል።

በእኔ ግምት ግን ከሁሉ በፊት መጠናት ያለበት ጉብኝት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሪቻርድ ሹልዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ተማሪዎች አረጋውያንን እንዲጎበኙ አደረገ። ጠያቂያቸው መቼ እንደሚመጣ አስቀድመው የሚያውቁት፣ ወይም ሰዓቱን ራሳቸው የሚመርጡት አረጋውያን ተሻላቸው። ከዚያ ጥናቱ አለቀ፣ ተማሪዎቹም ቀሩ። በኋላ ሲታዩ በጣም ያሽቆለቆሉት እነዚያው ተሽሏቸው የነበሩት ሆኑ። ቀጠሮ ይዞ መቅረት ጉዳት እንዳለው ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

የእኛ ሰው ደግ ነው፣ ግን በአንድ ቀን ይጎርፋል። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ለልደትና ለሠርግ ግቢው በመኪና ይሞላል። ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይወጣል። (አረጋዊውን ያስፈቀደ አለ ወይ?) በማግስቱ ጭር ይላል። አንድ ጠያቂ ለአንድ አረጋዊ፣ በታወቀ ቀን ቢመደብ ምን ይለወጣል? ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው ደብተርና ስልክ ነው። ጠያቂው ሲቀርም አስቀድሞ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

ፈቃድም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በማዕከሉ እንጀራ የሚኖር ሰው «እምቢ ካልኩ ያስወጡኝ ይሆን?» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቁ ብቻ ይህን ስጋት አያነሳም። የጣት አሻራውን የሚቀበለው ሰው ከማዕከሉ አለቆች ውጭ ቢሆን ይሻላል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አንዴ መፈረሙ አይበቃም። ፊቱን ሲያዞር ያ ራሱ መልስ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረትም የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮሉን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ለጥናቱ የሚያስፈልገው ድጋፍ ግን ከዚህ ዝቅ ያለ ነው። ተንከባካቢዋ ስትመዘግብ ሥራዋን የሚሸፍንላት ሰው ይከፈለው። ተመራቂ ተማሪ መጠይቁን ሞልቶ ከመጥፋቱ በፊት ያገኘውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሠራተኞቹና ለአረጋውያኑ ያስረዳ። ለዚህ የሚሆነው በጀት ጥናቱ ሲታቀድ ካልተያዘ በኋላ ከየትም አይመጣም።