የሚጥል ሕመምና የረጅም መንገድ ጉዞ

የሚጥል ሕመም የአንጎል ሴሎች የሚለዋወጡት የኤሌክትሪክ ምልክት በድንገት ሲዛባ የሚነሳ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕመሙ አለባቸው፤ በአግባቡ ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ስለዚህ ታማሚው መንገድ ሊከለከል አይገባም። አደጋው ያለው እንቅልፍ አጥቶና መድኃኒት አቋርጦ መሄዱ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ሁለቱም የሚገጥሙት በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጉዞ ነው። ሻንጣ ሲያስር ያመሸ መንገደኛ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ለመድረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል። የጠዋቱ ክኒን ‹‹ለቁርስ ስንወርድ›› እየተባለ ይዘገያል። ክኒኑ ያለበት ሻንጣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳይዋጥ ይውላል። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በተከታታይ ሊነሳና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው ቀን በላይ ተይዞ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ጠበል የሚሄድም ክኒኑን አያቋርጥ፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የወባ መከላከያ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሜፍሎኩዊን የተባለው የወባ መከላከያ ይህ ሕመም ላለበት ሰው አይመከርም።

ባሕር ማዶ ለሚሄድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ክሎናዜፓም በብዙ አገሮች ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን ወደመሰሉ አገሮች ለማስገባት ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል። ክኒኑ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ ጋር ይያዝ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን አጠገብ የተቀመጠው ሰው ማወቁ ነው። ሕመሙ ሲነሳ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅም የለውም፣ ያቃጥላል። አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ጥርስ ይሰብራል። ከራሱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ማድረግ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ማላላት፣ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛትና ሰዓት መያዝ ይበቃል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሾፌሩ በቀጥታ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይንዳ። ታማሚው ሲነቃ የት እንዳለ ላያውቅ፣ ሰውም ከቦት ሲያይ ሊሸማቀቅ ይችላል፤ ስሙን ጠርቶ የት እንደደረሱ በለሆሳስ የሚነግረው አንድ ሰው አይጥፋ።