ካዝናው ጎድሎ ክርክሩ ስለ ጋብቻ፦ ስለ ሚኒሶታው ድምፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ ፖለቲካ መነሳቱ አይቀርም። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ከተነሳ ደግሞ የ2011 እና የ2012 ነገር ተደበላልቆ ይወራል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ባጭሩ የሆነው ይህ ነው። በ2011 ሪፐብሊካኖች የሚኒሶታን ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ነበር። የግዛቱ በጀት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ጎድሎበታል። የሥራ ዘመኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 21 ቅዳሜ ማታ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ለሰዓታት ሲከራከር አመሸ። ስለ በጀቱ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው የሚል ማሻሻያ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ በኖቬምበር 2012ቱ ምርጫ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ ወይ በሚል ነው። 70 ለ 62 አለፈ።

ስለ ጋብቻው ማንም የመሰለውን ማመን ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ ወረፋው ነው። ቢሆንም ተናደን የምናወራው ሁሉ ልክ አይደለም።

"ማሻሻያው ባይመጣ ኖሮ ጋብቻው ይፈቀድ ነበር"

ሚኒሶታ በ1997 በሕግ ከልክላዋለች። ከዚያ በፊትም ቢሆን መንገዱ ዝግ ነበር። በ1970 ሁለት ወንዶች ሚኒያፖሊስ የጋብቻ ፈቃድ ጠይቀው እምቢ ተባሉ። ክስ መሠረቱ፤ በ1971 በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1972 ይግባኙን ውድቅ አደረገው።

የማሻሻያው ደጋፊዎች ለዚህ መልስ ነበራቸው። ጎረቤታችን አዮዋ በ2009 በፍርድ ቤት ውሳኔ ፈቅዳለች፤ ነገ የእኛም ዳኞች ሕጉን ቢሽሩትስ? ስጋቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ግን በተቆለፈ በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ለመጨመር ያ ሳምንት ነበር የተገኘው?

"መንግሥት የተዘጋው በዚሁ በጋብቻው ጉዳይ ነው"

ይህን የሚሉት እንደ እኔ የተናደዱት ናቸው። ስህተት ነው። የተጣሉት በገንዘብ ነው። አገረ ገዢው ማርክ ዴይተን ከሀብታሞቹ ላይ ግብር ይጨመር አሉ። ሪፐብሊካኖቹ አንድም ግብር አንጨምርም አሉ። በጀቱ ሳይጸድቅ ጁላይ 1 ቀን ደረሰና የግዛቱ መንግሥት ተዘጋ፤ 20 ቀን ቆየ። ከ19 ሺህ በላይ ሠራተኛ ቤቱ ተቀመጠ። ጁላይ 4 ሰዉ ድንኳኑን ጭኖ ወደ ሐይቅ የሚወጣበት በዓል ነው፤ የግዛቱ ፓርኮች ግን ተዘግተው ነበር። የመንገድ ሥራ ቆመ፣ ሎተሪ ቆመ።

የቢራው ነገር ደግሞ አይረሳም። እዚህ እያንዳንዱ የቢራ ዓይነት በግዛቱ መመዝገብ አለበት። ሚለርኩርስ የሚባለው የቢራ ኩባንያ ምዝገባ ጊዜው አለፈ፤ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ፣ አዳሹም ቤቱ። ስለዚህ ቢራችሁን ከመደርደሪያ አንሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። በጀቱ ለማይገባው ሰው ይህ ገባው።

በመጨረሻ የተስማሙት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ክፍያ አዘግይተው፣ ከትንባሆ ኩባንያዎች የሚመጣውን ገቢ አስይዘው ተበድረው ነው። ስለዚህ ጋብቻው መንግሥት አልዘጋም። ሊዘጋ እንደሆነ እየታወቀ ግን ያ ሁሉ ሰዓት ሄደበት።

"አገረ ገዢው ማስቆም ይችሉ ነበር"

አይችሉም። ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከሁለቱ ምክር ቤቶች በቀጥታ ወደ ሕዝብ ነው የሚሄደው። ዴይተን ተቃውሟቸውን ፈርመው መለሱት፤ ፊርማው ግን ለምልክት ያህል ነው።

"ሪፐብሊካን ሁሉ ደገፈ"

በምክር ቤቱ አራት ሪፐብሊካኖች ተቃውመዋል። አንደኛው ጆን ክሪዝል ነው። ኢራቅ ዘምቶ በ2006 ሁለት እግሩን ያጣ ወታደር። ተነስቶ ሲናገር፣ አፍጋኒስታን ውስጥ የሞተ ግብረ ሰዶማዊ የሚኒሶታ ወታደርን አነሳ። ለእሱ ነገሩ የፓርቲ ጉዳይ አልነበረም።

"ያንን ጥያቄ ባዶ ከተውኩት ድምፅ አልሰጠሁም"

ይህ የእኛን ሰው በጣም ያሳስታል። ፕሬዚዳንቱን መርጦ፣ ወረቀቱን ገልብጦ፣ "እዚህ ውስጥ አልገባም" ብሎ ያልፋል። በሚኒሶታ ማሻሻያ የሚያልፈው ምርጫው ላይ ከተገኘው ሰው በሙሉ ከግማሽ በላይ "አዎ" ሲል ነው። 100 ሰው መጥቶ 49 "አዎ" ቢል፣ 45 "አይ" ቢል፣ 6 ባዶ ቢተው፣ ማሻሻያው ወደቀ። ባዶው ከ"አይ" ጋር ነው የሚደመረው። ሕጉ ዛሬም ያው ስለሆነ ለሌላ ጥያቄም ይጠቅማችኋል። ኖቬምበር 2012 ግን ባዶው አላስፈለገም፤ "አይ" ያለው ብቻውን ከግማሽ በላይ ነበር።

"ማሻሻያው ሲወድቅ ጋብቻው ተፈቀደ"

የ1997ቱ ክልከላ እንዳለ ነበር። የተለወጠው ወንበሩ ነው። በዚያው ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች አጡ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አዲሱ ምክር ቤት በ2013 ጋብቻውን 75 ለ 59፣ ሴኔቱም 37 ለ 30 ፈቀደ። ዴይተን ሜይ 14 ፈረሙ፤ ከኦገስት 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አገር አቀፉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመጣው በ2015 ነው።

"ቄሱም ፓስተሩም እንዲያጋቡ ተገደዱ"

የ2013ቱ ሕግ የሃይማኖት አባቶችን ነፃ አድርጓል። ካልፈለጉ አያጋቡም። እንዲያውም ዴቪድ ፊትዝሲመንስ የሚባል ሪፐብሊካን ተወካይ፣ በሕጉ ውስጥ "ጋብቻ" ከሚለው ቃል ጋር "ሲቪል" የሚል ይግባ ብሎ አስገባ። የመንግሥቱ ጋብቻ ከቤተ ክርስቲያኑ እንዲለይ ነው። ቃሉ ከገባ በኋላ ለሕጉ "አዎ" ብሎ ድምፁን ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት የራሱ ፓርቲ ሌላ ዕጩ መረጠ።