ትልልቅ መጋዝና ሞርታይዘር ስለመግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በወፍራም ካሬ እንጨት፣ ወንዴና ሴቴ (የአንዱን እንጨት የቀጠነ ጫፍ ሌላው ላይ በተቦረቦረ ጉድጓድ) እያገጣጠመ፣ በእንጨት ችንካር እየያዘ የቤት አጽም የሚሠራ አናጢ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፦ «ያንን ትልቁን መጋዝ ከየት ላግኘው?» ቀጥሎም ሴቴውን የሚቦረቡረውን ማሽን፣ ሞርታይዘሩን፣ ይጠይቃል። አንዱ እዚሁ አሜሪካ ለራሱ ሊገዛ ነው፤ ሌላው አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ሊልክ። ሁለቱም ግን የሚመጡት አንድ ዓይነት የተሳሳተ እምነት ይዘው ነው።

«መጋዙ የእንጨቱን ያህል ካልገዘፈ አይቆርጥም»

ሒሳቡን እንሥራው። አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ቤት በብዛት የሚቆመው ምሰሶ 8 በ8 ኢንች ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ማኪታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ 5402 ክብ መጋዝ ነው። ዲስኩ ከ16 ኢንች ይበልጣል፤ ወደ ውስጥ የሚቆርጠው ግን 6¼ ኢንች ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዲስክ ከእንጨቱ በላይ ስለሚቀር። ስለዚህ ያ ግዙፍ መጋዝ እንኳ 8 ኢንቹን ባንድ ጊዜ አይጨርሰውም። እንጨቱን መገልበጥ የግድ ነው።

መገልበጥ ካልቀረ ደግሞ ባለ 10¼ ኢንቹ መጋዝ ምን አጠፋ? 3¾ ኢንች ገደማ ይገባል። በአራቱም ጎን ሲዞሩት መሐል ላይ የሚቀረው ግማሽ ኢንች ነው፤ እሱን በእጅ መጋዝ አራት አምስት ጊዜ ብትስቡት ያልቃል። ተራው ባለ 7¼ ኢንቹ መጋዝ ከሆነ መሐሉ ላይ 3 ኢንች ያህል ይተዋል። አድካሚ ነው፤ ግን ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቤቱን የሠራው በሱ ነው።

ትልቁ መጋዝ ዋጋውን የሚመልሰው 6 በ6 እንጨት በብዛት ባንድ ጊዜ ለሚቆርጥ፣ በየሳምንቱ ደርዘን ምሰሶ ለሚያወጣ ሰው ነው። ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ጠዋት ላይ ያኮራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ክንድ ሲዝል መስመሩም ይዝላል። ዲስኩ ተቀርቅሮ ወደ ኋላ ሲረግጥም እንደ ትንሹ መጋዝ በእጅ የሚገታ አይደለም።

«ሞርታይዘር ካለኝ መሮ አያስፈልገኝም»

ባለ ሰንሰለቱ ሞርታይዘር በመሪ ላይ ቆሞ ቀጥ ብሎ ወደ እንጨቱ የሚወርድ አጭር የሰንሰለት መጋዝ ነው ማለት ይቻላል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ ጫፉ ክብ ስለሆነ የጉድጓዱ ወለል እንደ ጀልባ ሆድ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ወንዴው እንዲቀመጥ ወይ ጠለቅ አድርጎ መብሳት ወይ ወለሉን በመሮ ማስተካከል ግድ ይላል። አወራረዱም ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ሁለቱ ጫፎች፣ ከዚያ መሐሉ። መሐሉን ባዶ አድርገው ጫፉን በግማሽ ሰንሰለት ሊበሱ የሚሞክሩ አሉ፤ ሰንሰለቱ ወደ ባዶው ይሸሽና የጉድጓዱ ግድግዳ ይጣመማል።

በካሬ መሮ የሚበሳው የጠረጴዛ ሞርታይዘር ርካሽ ስለሆነ ይበቃኛል ብለው የሚያስቡም አሉ። ለበርና ለወንበር ግሩም ነው። ግን 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሜትር የሚረዝም እርጥብ የኦክ ግንድ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚህ ሥራ ማሽኑ ወደ እንጨቱ ይሄዳል እንጂ እንጨቱ ወደ ማሽኑ አይመጣም።

ሃያ ሠላሳ ሴቴ ብቻ ላለው ሰው የኔ ምክር ጉልበት ያለው ድሪል፣ ወፍራም መሰርሰሪያና የተሳለ መሮ ነው።

«እንደ መኪናው ሁሉ ያገለገለ የጃፓን እቃ ነው የሚያዋጣው»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። ጃፓን ውስጥ ዛሬ ከባህላዊዎቹ የእንጨት ቤቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አካላቸው ፋብሪካ ውስጥ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ተቆርጦ ነው የሚመጣው። አናጢው የሚገጣጥም ሆነ እንጂ የሚቦረቡር አልሆነም። ስለዚህ ያ ትውልድ ይጠቀምባቸው የነበሩት ጠንካራ ሞርታይዘሮች ከየመጋዘኑ እየወጡ ይሸጣሉ፤ ጥራታቸውን ማንም አይክድም።

ችግሩ ከማሽኑ ውጭ ያለው ነው። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። አሜሪካ ውስጥ 120 ላይ ሲሰካ ይዞራል፤ ያውም በፍጥነት። ግን አንድ አምስተኛ ትርፍ ቮልት እየጠጣ ነውና ከወትሮው በላይ ይሞቃል፣ ካርቦኑም (ወደሚዞረው የሞተር ክፍል መብራት የሚያሻግረው፣ እያለቀ የሚቀየረው ቁራጭ) ቶሎ ያልቃል። ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ትራንስፎርመር ቢያገኝ ዕድሜው ይረዝማል። አዲስ አበባ 220 ላይ በቀጥታ የሰካው ሰው ደግሞ ከጭሱ በቀር የሚያየው የለም።

ሁለተኛው ልኩ ነው። የጃፓን ሴቴ በብዛት 30 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የድሮው መለኪያቸው አንድ ሱን ያህል ማለት ነው። የአሜሪካው አናጢ የለመደው 1½ ወይም 2 ኢንች ነው፤ 38 እና 51 ሚሊ ሜትር ገደማ። ባለ 30ው ሰንሰለት ለ38ቱ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን መውረድ አለበት። ማሽኑ እንጨቱን የሚይዝበት መቆንጠጫ ስንት ድረስ እንደሚከፈትም ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም፤ የጃፓን ቤት ምሰሶ በብዛት 105 ወይም 120 ሚሊ ሜትር ነውና።

ሦስተኛው መለዋወጫው ነው፤ እኔንም ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ስሙን የማልጠራው ሻጭ «ምንም አልጎደለውም» ብሎ የሸጠልኝ ሞርታይዘር ሲመጣ ሰንሰለቱ ጥርሱ ተበልቶ፣ ምላሱ ጎኑ ተፍቆ ነበር። ሰንሰለት፣ ምላስና ጥርስ ያለው መዘውር አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ የአንዱ ፋብሪካ ሰንሰለት ሌላው ላይ አይገባም። ፍለጋውን የሚያከብደው ደግሞ የስም መለዋወጥ ነው። የሪዮቢ የጃፓን የማሽን ክፍል በ2018 ወደ ኪዮሴራ ሄደ። የሂታቺ ኮኪ ማሽኖች መለያ ስምም በዚያው ዓመት ሃይኮኪ ተባለ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሜታቦ ኤችፒቲ። በአሮጌው ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው «የለም» ይባላል፤ እቃው በአዲሱ ስም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ። እኔ ሰንሰለቱን ያገኘሁት ከማሽኑ ጎን ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ገልብጬ ከጻፍኩ በኋላ ነው።

«ቮልቱ ምን ችግር አለው፣ ትራንስፎርመር መግዛት ነው»

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚልኩ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባለ 15 አምፔር የ120 ቮልት መጋዝ 1,800 ዋት ነው። ሲነሣ ግን ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ለመንገደኛ ጸጉር ማድረቂያ የተሠራችው ቀላል መቀየሪያ ለሞተር አትሆንም። የሚያስፈልገው ባለ ብረት እምብርት፣ ቢያንስ 3,000 ቮልት አምፔር የሚችል ትራንስፎርመር ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጋዙ አያንስም ክብደቱ። የአየር ጭነቱን ጨምሩና ዋጋውን እዩት። በየግንባታው ቦታ አብሮ እየተሸከመ የሚዞርም ሰው ያስፈልገዋል።

እውነታው፦ ለኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ዱባይ ወይም ጀርመን ያለ ዘመድ ይግዛው። 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፤ ፕላጉ ካልገጠመ ተቀይሮ ይሰካል። እንግሊዝ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ የቤቱ መብራት 230 ቢሆንም ለግንባታ ቦታ የሚሸጠው ማሽን በብዛት 110 ቮልት ነው፤ ቢጫው ፕላግ ይመሰክርበታል። ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ርካሽ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

«ኸርዙ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ከተለያየ ሞተሩ ይበላሻል» የሚለው ግን ካርቦን ላለው የእጅ ማሽን አያሳስብም፤ 50ም 60ም ላይ ይሠራል። ኸርዝ የሚያስጨንቀው ካርቦን የሌለው፣ መሬት ላይ የሚተከለው የጠረጴዛ ማሽን ሲሆን ነው። ኤሌክትሮኒክስ የገባበት ማሽን ከሆነ የማሽኑ ቮልትና ኸርዝ የተጻፈበት ሳህን ላይ 50/60 የሚል መኖሩን ማየት ይበቃል።

«የጀርመኑ ማፌል የሚወደደው ለስሙ ነው»

አይደለም፤ ግን ለሁሉም ሰው አይገባም። ኦበርንዶርፍ አም ኔካር የሚገኘው ይህ ፋብሪካ ለአናጢ ብቻ ብሎ የሚሠራቸው ማሽኖች አሉት፤ 185 ሚሊ ሜትር የሚገባ ክብ መጋዝ፣ እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚቆርጥ ባለ ሰንሰለት የአናጢ መጋዝ፣ ሞርታይዘርም ጭምር። 230 ቮልቱን አሜሪካ የሚያመጣ ሰው ባለ 240 ሶኬት በኤሌክትሪሻን ማስገጠም ይችላል። ዕለት በዕለት የሚሠራበት ወርክሾፕ ያዋጣዋል። ለአንድ ጎጆ ግን ገንዘቡን ጥሩ እንጨት ይግዛበት ባይ ነኝ።

«ዲስክ የትም አይጠፋም»

ለ7¼ አይጠፋም። ለ16ቱ ግን መሐል ቀዳዳው ይለያያል፤ የአሜሪካው ማኪታ 1 ኢንች ነው፣ በአውሮፓ ትልልቅ ዲስኮች 30 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። የአውሮፓ መጋዝ ከዲስኩ ኋላ ያለችው መለያያ ቢላም ከዲስኩ አካል ወፈር፣ ከጥርሱ ስፋት ቀጠን ማለት አለባት፤ አለዚያ እንጨቱ ይቀረቅራል።

«ሱቅ ውስጥ ካላየሁት ገበያ ላይ የለም»

እነዚህን ማሽኖች ትልልቆቹ የግንባታ ሱቆች ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡም፤ በሞዴል ቁጥር ያዛሉ። ያገለገለው የሚገኘው ሥራ ከሚያቆሙ አናጢዎችና ወርክሾፓቸውን ከሚዘጉ ሰዎች ነው። ሻጩን ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ጠይቁት፤ ባዶውን ሲዞር ሳይሆን እንጨት ውስጥ ሲገባ። ካርቦኑ ጋ ያለው ብልጭታ ጥቃቅን ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ሞተሩን የሚዞር የእሳት ቀለበት ከታየ ግን የሞተሩን ሽቦ ለማስጠቅለል የሚወጣውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱት።